ጽዋውን የቀዳው ማን ነበር?

የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1275 ባወጣው ሕግ፣ ሴትን ከፈቃዷ በተቃራኒ የደፈረ ሰው ሁለት ዓመት ይታሰር፣ ንጉሡ የወደደውንም ያህል መቀጮ ይክፈል ብሎ አዘዘ። (ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሥር ዓመት ቆይቶ ቅጣቱ ቀሎ ታየው መሰለኝ፣ በ1285 በዌስትሚኒስተር በወጣው ሁለተኛ ሕግ፣ በ34ኛው ምዕራፍ፣ ደፋሪ በሞት ይቀጣ አለ። በዚያው አጋጣሚ የወንጀሉ አገላለጽም ትንሽ ተለወጠ፤ ሴቲቱ አስቀድማም ሆነ በኋላ ያልተስማማችበት ድርጊት ተብሎ ተጻፈ።

የመጀመሪያው ሕግ የሚጠይቀው ሴቲቱ እምቢ ማለቷን ነው። ለሁለተኛው እሺ አለማለቷ ይበቃዋል። ሁለቱ የሚለያዩት ሴቲቱ እሺም እምቢም ማለት በማትችልበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ተኝታ፣ ራሷን ስታ፣ ሰክራ ወይም አእምሮዋ ነገሩን ሊረዳ በማይችልበት ጊዜ። ያን ልዩነት የጻፈው ጸሐፊ ይህን ሁሉ አስቦ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ይህ የምዕራፍ 34 አገላለጽ ለመቶዎች ዓመታት ብዙም ሳይነሣ ተኝቶ ኖረ።

በመካከሉ ሰር ማቲው ሄል መጣ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የበላይ ዳኛ ለመሆን የበቃ፣ በእውቀቱና ጉቦ ባለመቀበሉ የተመሰገነ ሰው ነበር። የአገሩን የወንጀል ሕግ የሚያሰባስብ መጽሐፍ ጽፎ ሳያሳትመው በ1676 ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1736 ነው። ይሁንና ደራሲው ከመቃብሩ ሆኖ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ችሎቶችን አስተዳደረ ቢባል አልተጋነነም። ሄል የተከተለው የቀድሞውን አገላለጽ ነው፤ መድፈር ማለት ከሴቲቱ ፈቃድ በተቃራኒ የሚፈጸም ነው አለ። ክሱ ለመመሥረት ቀላል፣ ንጹሕ ሰው ሊከላከለው ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ፈራጆች ይጠንቀቁ ሲል መከረ። ሚስትም በጋብቻዋ ቀን ለባሏ የሰጠችውን ፈቃድ መልሳ ልትወስድ አትችልም ብሎ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1662 በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ባስቻለው ችሎት ሁለት መበለቶች ጠንቋዮች ናችሁ ተብለው ተሰቅለዋል። በዚያኛው ክስ ላይ ያን ያህል የተጠነቀቀ አይመስልም።

ከሄል በኋላ ሴቲቱ ችሎት ስትቀርብ የምትጠየቀው የታወቀ ነበር። ጮኸሽ ወይ? ቦታው ጩኸት የሚሰማበት ነበር? ታገልሽ? ልብስሽ ተቀዷል? ሰንበርሽ የታለ? ወዲያውኑ ለማን ተናገርሽ? በሕግ ዓይን ፈቃድ የሚለካው በትግል ነበር። ታግላ ያልቆሰለች ሴት ወይ ተስማምታለች ወይ ዋሽታለች ይባላል። ራሷን የሳተች ሴት ደግሞ አትጮህም፣ አትታገልም፤ ስትነቃም የምትመሰክረው ነገር የላትም። በዚህ ሚዛን ከሁሉ ይልቅ አቅመ ቢስ የሆነችው ሴት ከሁሉ ያነሰ ጥበቃ የሚደረግላት ሆነች።

የታሪኩ መንገድ የታጠፈው በ1845 ነው። ካምፕሊን የተባለ ሰው ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ መጠጥ ሰጥቶ አሰክሮ፣ ራሷን በሳተችበት ደፈራት። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ ጁሪ የሚባሉት፣ ጥፋተኛ ነው አሉ፤ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር ጨመሩ። ሰውየው መጠጡን የሰጣት ራሷን እንድትስት ብሎ ሳይሆን ተነቃቅታ እንድትስማማለት ብሎ ነው አሉ። እንግዲህ የተከሳሹ ጠበቃ ይህን ያዘ። ኃይል አልተጠቀመም፤ ልጅቱም አልታገለችም፤ ሊያደነዝዛትም አላሰበም፤ ታዲያ «ከፈቃዷ በተቃራኒ» የሚለው የት አለ?

በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር የወንጀል ይግባኝ የሚባል ሥርዓት አልነበረም። ዳኛው በሕጉ ላይ ከተጠራጠረ ጥያቄውን ይዞ ለባልደረቦቹ ያቀርባል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች ተሰብስበው ይመካከሩበታል። ስለ ካምፕሊንም ተሰብስበው ተከራከሩ። አንድ ልብ ባይሆኑም አብዛኞቹ ፍርዱ ይጽና አሉ። ቅጣቱን ያነበበው ዳኛ ፓቲሰን ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ልጅቱ ራሷን ባወቀችበት በመጨረሻዋ ሰዓት እምቢ ብላ እንደነበረ አስታወሰ፤ ሰውየው ሊያግባባት ሞክሮ አልሆነለትምና። ከዚያ በኋላ አእምሮዋን ስትስት ያ እምቢታ አብሯት አልጠፋም።

ብልህ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ነው። እምቢ ለማለት ጊዜ ያላገኘችውን ሴት አይረዳም። ከዳኞቹ መካከል ቲንዳልና ፓርክ የተባሉት ሁለቱ ራቅ ብለው ሄዱ። የ1285ቱን ሕግ አቧራ አራግፈው አወጡና፣ እዚህ የተጻፈው «ያልተስማማችበት» እንጂ «ከፈቃዷ በተቃራኒ» አይደለም አሉ። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። የፈቃድ ሕግ ዛሬ የቆመበት መሠረት የተጣለው ያኔ ይመስለኛል። መሠረቱን ያስጣለችውም ታግላ የተሸነፈች ሴት ሳትሆን፣ መታገል ያልቻለች ልጅ ናት።

ሆኖም ካምፕሊን መጠጡን የቀዳው ራሱ ነበር። የሕግ ሰዎች ፍርዱን ሲያነብቡ ዓይናቸው እዚህ ላይ ተተከለ። ሴቲቱ በገዛ እጇ ጠጥታ ቢሆንስ? ሰውየው ወድቃ ቢያገኛትስ?

በ1859 ሌላ ጉዳይ መጣ። ተበዳይዋ አእምሮዋ ያልዳበረ፣ የሚደረገውን ለመረዳት የማትችል ልጅ ነበረች። ጠበቃው አልታገለችም ሲል ተከራከረ። ዋናው ዳኛ ሎርድ ካምብል የ1285ቱን አገላለጽ ደግፎ ክርክሩን አልተቀበለም። በጠበቃው አባባል ከሄድንማ፣ አለ፣ ከገበያ ስትመለስ ሰክራ መንገድ ዳር የወደቀችን ሴት ሁሉ አላፊ አግዳሚው ሊደፍራትና ሳይቀጣ ሊሄድ ነው። ያቺ ከገበያ የምትመለስ ሴት በጉዳዩ ውስጥ የለችም፤ ሎርድ ካምብል ለምሳሌ ያህል ያመጣት ናት። ግን ሕጉ እየተጓዘ ያለው ወደ እሷ መሆኑ ገብቶታል።

እሷን የመሰለች ሴት በእውን ችሎት የደረሰችው በ1870፣ ባሕሩን ተሻግሮ በማሳቹሴትስ ነው። ሴቲቱ ፈጽሞ እስክትደነዝዝ ሰክራ ነበር፤ ያሰከሯት ደግሞ የተከሰሱት ሰዎች አልነበሩም። የደረሰባት ኃይል ድርጊቱን ለመፈጸም ከሚበቃው አያልፍም። የግዛቲቱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ሆራስ ግሬይ ነው፤ በኋላ በ1882 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው። ግሬይ የእንግሊዞቹን ፍርዶች አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ካምፕሊንንም፣ የ1859ኙንም ጠቅሶ፣ ወንጀሉን ወንጀል የሚያሰኘው ፈቃድ አለመኖሩ ነው ሲል ደመደመ። ጽዋውን ማን እንደቀዳው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስል ነበር። አላበቃም።

የእንቅልፍ ጉዳይ በአንጻሩ ቶሎ ተቋጨ። በ1878 የእንግሊዝ ዳኞች በባሏ አጠገብ የተኛች ሴትን ሾልኮ ገብቶ የደፈረ ሰው ክስ ቀረበላቸው፤ ያለብዙ ክርክር መድፈር ነው አሉ። በ1885 ደግሞ ፓርላማው መድኃኒት ወይም ሌላ ነገር አጠጥቶ ሴትን ማደንዘዝ ራሱን የቻለ ወንጀል እንዲሆን ደነገገ። ይህ ሕግ የወጣው ጋዜጠኛው ዊልያም ስቴድ በለንደን ስለሚሸጡ ልጃገረዶች በጻፈው ተከታታይ ዘገባ አገር ከታመሰ በኋላ ሲሆን፣ በዚያው ሕግ ልጃገረዶች ፈቃድ መስጠት የሚችሉበት ዕድሜ ወደ 16 ከፍ ብሏል።

የአህጉሩ አውሮፓ ሕግ በሌላ መንገድ ሄደ። መንገዱ ወደ እኛም ስለሚያደርስ ጥቂት ልቆይበት። በ1937 የወጣው የስዊዘርላንድ የወንጀል ሕግ ነገሩን ሁለት ቦታ ከፈለው። ሴትን በኃይል ወይም በብርቱ ዛቻ ያስገደደ፣ ወይም ሆነ ብሎ ራሷን እንድትስት ያደረገ፣ ደፋሪ ይባል ነበር። ራሷን ስታ ያገኛትና ይህንኑ እያወቀ የተጠቀመባት ግን በሌላ አንቀጽ፣ በሌላ ስም ይጠየቅ ነበር። ክፍፍሉ የቆመው ጽዋውን በቀዳው ሰው ላይ ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ለኢትዮጵያ ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲረቀቅ ሲፈልጉ ሥራው የተሰጠው ለዠኔቩ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበር። የአገሩን ሕግ ዋና መነሻ ማድረጉ አያስገርምም። ሕጉ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያው ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ልደት፣ ሁለተኛው የድል በዓል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የስዊዞቹ ክፍፍልም አብሮ ገባ። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም አልተወውም። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር የሚለው በኃይል፣ በብርቱ ዛቻ፣ ወይም ሕሊናዋን እንድትስት አድርጎ የተፈጸመውን ሲሆን፣ መነሻ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሕሊናዋን ስታ ያገኛትንና አቅም እንደሌላት እያወቀ ያደረገውን ሰው የሚመለከተው አንቀጽ 623 ነው። ሁለቱም ከባድ ወንጀሎች ናቸው፤ ሁለቱም «ከጋብቻ ውጪ» በሚለው አጥር ውስጥ ቆመዋል። የሄል አሳብ በእንግሊዝ አገር በ1991 የበላይ ፍርድ ቤት በነበረው በጌቶች ምክር ቤት ውሳኔ ተሽሯል፤ ባልም ሚስቱን በመድፈር ሊቀጣ ይችላል ተብሏል። የእኛ አንቀጽ ግን አጥሩን እንደያዘ ነው።

ወደ ለንደን እንመለስ። በ1975 ላንግ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ ላይ የይግባኝ ችሎቱ ዳኛ ስካርማን አንድ ክፍለ ዘመን የፈጀውን ክርክር በጥቂት መስመሮች ዘጋው። ስለ መጠጥና ስለ መድፈር የተለየ ሕግ የለም አለ። ሴቲቱ መጠጡን እንዴት እንዳገኘችው መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ያለችበትን ሁኔታ ተረድታ ራሷ መወሰን ትችል ነበር ወይ የሚለው ነው።

በዚያው ዓመት የጌቶች ምክር ቤት በሌላ ጉዳይ ላይ፣ ተከሳሹ ሴቲቱ ተስማምታለች ብሎ ከልቡ እስካመነ ድረስ፣ እምነቱ ምክንያታዊ ባይሆን እንኳ፣ ደፋሪ አይባልም ሲል ወሰነ። ሕዝቡ ተቆጣ። መንግሥት በዳኛ ሮዝ ሃይልብሮን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1976ም ፓርላማው ለመጀመሪያ ጊዜ መድፈርን በሕግ ተረጎመ። በትርጉሙ ውስጥ ትግል የለም፣ ጩኸት የለም፤ መሠረቱ የሴቲቱ አለመስማማት ነው። በ1981 ደግሞ ተሸንፎ ዝም ማለትና መስማማት አንድ እንዳልሆኑ ችሎቱ አስታወቀ። የሰውየው ስካርስ? ለእሱ ሕጉ ርኅራኄ አልነበረውም። በገዛ እጁ የሰከረ ሰው፣ ሞቅ ብሎኝ የተስማማች መስሎኝ ነው ቢል ማንም አይሰማውም።

በ1990ዎቹ ፍርሃቱ ወደ እንክብል ዞረ። ሮሂፕኖል የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በመሸታ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ይጨመራል የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1996 ሕግ አወጣበት፤ አምራቹም እንክብሉ በመጠጥ ውስጥ ሲሟሟ ሰማያዊ ቀለም እንዲያወጣ አደረገ። ወሬው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ የፎረንሲክ ባለሙያዎች አደንዝዘውን ነው የደፈሩን በተባለባቸው 1,014 ጉዳዮች የተወሰዱ የደምና የሽንት ናሙናዎችን ሲመረምሩ ከሁሉ በላይ ያገኙት ተራውን አልኮል ነው። ሌላ ሰው ሆነ ብሎ መድኃኒት ሰጥቷቸው ሊሆን ይችላል የተባሉት ከመቶ ሁለት ያህል ነበሩ። ናሙናው ከዘገየ አንዳንዱ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ስለሚጠፋ፣ ቁጥሩን እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድ አይገባም። ቢሆንም የሚያመለክተው አለ። መርዝ የሚጨምረው ስውር እጅ በዜናና በፊልም ጎልቶ ሲታይ፣ የታወቀ ሰው በግልጽ የሚቀዳው ወይም ሴቲቱ ራሷ የገዛችው መጠጥ ተረሳ።

በ2003 የወጣው፣ ከግንቦት 2004 ጀምሮ የሚሠራበት የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ አንቀጽ 74 ፈቃድን እንዲህ ተረጎመው፦ ሰው በምርጫው ሲስማማ፣ ለመምረጥም ነጻነትና ችሎታ ሲኖረው። አንቀጽ 75 ደግሞ ተበዳይዋ ተኝታ ወይም ራሷን ስታ ከነበረ፣ ወይም ያለ ፈቃዷ የሚያደነዝዝ ነገር ተሰጥቷት ከነበረ፣ በተቃራኒው ማስረጃ ካልመጣ በቀር አልተስማማችም ተብሎ ይገመት አለ። ተከሳሹ አምኜ ነበር ቢልም እምነቱ ምክንያታዊ መሆን አለበት ተባለ። የ1975ቱ ውሳኔ በዚህ ተሻረ።

አንቀጽ 75 ውስጥ ግን ጎዶሎ አለ። በራሷ ፈቃድ ጠጥታ የሰከረች፣ ነገር ግን ዓይኗ ያልተከደነ ሴት በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ችሎታ የተባለውም ምን እንደሆነ ሕጉ አልተረጎመም። ሁለት ዓመት አልሞላም፣ ክፍተቱ ታየ።

በኅዳር 2005 በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ ችሎት፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀረበች። በጣም ሰክራ ስለነበር ወደ ማደሪያዋ እንዲያደርሳት የተደረገው የጥበቃ ሠራተኛ እንደደፈራት ተናገረች፤ እሱ ተስማምታ ነው አለ። በመስቀለኛ ጥያቄ ወቅት መስማማቷንም አለመስማማቷንም እንደማታስታውስ መለሰች። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ በስካር የተሰጠ ፈቃድም ፈቃድ ነው ብሎ ክሱን አቋረጠ። ዳኛው ጁሪውን ነጻ ነው በሉ ሲል አዘዘ። ጋዜጦች ጮኹ፤ መንግሥትም በዓመቱ ችሎታ በሕግ ይተርጎም የሚል አሳብ ለሕዝብ ውይይት አቀረበ። ከዐቃቤ ሕጉ አነጋገር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሳይጠየቅ የታለፈው ነው። አላስታውስም ማለት ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም፤ አልተስማማሁም ማለትም አይደለም። እስከዚያ ድረስ የሰከረ ሰው በዚያች ሰዓት መምረጥ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ግን ጁሪው ሊመዝነው በተገባ ነበር።

መልሱ የመጣው በመጋቢት 2007 ነው፤ የመጣውም ብዙዎች ባልጠበቁት በኩል፣ የአንድ ወጣት የጥፋተኝነት ፍርድ ተሽሮ። ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድሙን ሊጠይቅ ቦርንማውዝ ሄዶ ነበር። ከተማሪዎች ጋር አመሹ፤ እሱም፣ በኋላ የከሰሰችው ሴትም ብዙ ጠጡ። እሷ የምታስታውሰው በቁርጥራጭ ነው፤ እንዳስመለሳት፣ ከዚያ የሆነውን በከፊል፣ ፈቃዷም እንዳልነበረበት። እሱ ነቅታ ተስማምታለች አለ። ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሲጀምር ራሷን ስታ ነበር የሚል መልክ ሰጥቶት፣ ክርክሩ ሲያልቅ ደግሞ አቅሟ ደክሞ ነበር፣ ግን አውቃ አልተስማማችም ወደሚል ተሻገረ። ወጣቱ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው ግን ለጁሪው ስካር ከችሎታ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላብራራም ነበር። የይግባኝ ችሎቱ በዚህ ጉድለት ፍርዱን ሻረ።

ውሳኔውን የጻፈው ሰር አይጎር ጀጅ ነው። ሴቲቱ በመጠጥም ሆነ በሌላ ምክንያት የመምረጥ ችሎታዋን ለጊዜው ካጣች አልተስማማችም፤ ሰውየው ምን እንዳሰበ የሚለው ለብቻው ታይቶ፣ ድርጊቱ መድፈር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጠጥታም ቢሆን መምረጥ እየቻለች በስካሯ ከተስማማች ደግሞ መድፈር አይደለም። ችሎታ ሰው ራሱን ከመሳቱ ብዙ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋበትን ነጥብ በብርጭቆ ብዛት ወይም በደም ውስጥ ባለ የአልኮል መጠን ሠንጠረዥ አውጥቶ መወሰን ግን አይቻልም፤ አንዱን የሚጥለው ሌላውን አይነቀንቀውምና።

በጊዜው ውሳኔው ለወንዶች የተሰጠ ድል ተደርጎ ተወራ። ሰዎች ያዩት ወጣቱ መፈታቱን ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ ለሰከረች ሴት የቆመው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ቆማ እየሄደችና እያወራችም ቢሆን ፈቃድ መስጠት የማትችልበት ሰዓት እንዳለ በግልጽ የተናገረ ነውና። መንግሥትም ውሳኔው ይበቃል ብሎ ችሎታን በሕግ የመተርጎም አሳቡን ተወ። በ2011 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ሌላ ድንበር አሰመረ። ፈቃድ ድርጊቱ እስኪያበቃ ድረስ ነቅቶ የሚሰጥ ነው፤ ራሴን ስስትም ይሁን ብሎ አስቀድሞ መፍቀድ አይቻልም አለ።

ግሬይ በማሳቹሴትስ ከጻፈ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ግን የአሮጌው ጥያቄ ሥር አለመነቀሉ ታየ። በሚኒሶታ ሕግ አእምሮው አቅም ያጣ ማለት ያለ ፈቃዱ በተሰጠው መጠጥ ወይም መድኃኒት ምክንያት መወሰን ያልቻለ ሰው ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር። በ2017 በሚኒያፖሊስ አንዲት ሴት በገዛ እጇ መጠጥ ጠጥታና በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ወስዳ፣ በጣም ሰክረሻል ተብላ ከአንድ ባር በር ተመለሰች። በር ላይ ያገኛት ሰው ወደ ግብዣ ልውሰድሽ ብሎ ወደ አንድ ቤት ወሰዳት። እዚያ ሶፋ ላይ ወደቀች፤ ስትነቃ እየተደፈረች ነበር። ጁሪው ጥፋተኛ ነው አለ። መጋቢት 24 ቀን 2021 ግን የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስቱም ዳኞች ተስማምተው ፍርዱን ሻሩ፤ ጉዳዩ እንደገና ይታይ አሉ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ፖል ቲሰን ነበር። «ያለ ፈቃዱ የተሰጠው» የሚለው ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ለአልኮሉም ነው፤ በራሷ የጠጣች ሴት በዚህ ትርጉም ውስጥ አትገባም፤ ሕጉን ማረም የሕግ አውጪው ሥራ ነው አለ።

ዳኞቹን መውቀስ ይቀናል። እኔ ግን የተጻፈውን እንደተጻፈ ማንበባቸውን አልነቅፍባቸውም፤ ዳኛ የሕጉን ጉድለት በተከሳሹ ኪሳራ መሙላት አይገባውም። ጥፋቱ ያን አንቀጽ ለዓመታት ሳያርሙ የተቀመጡት እንደራሴዎች ነው። እነሱም ዓለም ሲጮህባቸው ፈጠኑ፤ በዚያው ዓመት ገዥው ቲም ዋልዝ የፈረሙበት ማሻሻያ ወጥቶ ከመስከረም 15 ቀን 2021 ጀምሮ የሰከረችው በማንም እጅ ይሁን ለውጥ አያመጣም ተባለ።

ከዚያ የፈረንሳዩ ጉዳይ መጣ። በመስከረም 2020 በካርፓንትራ ከተማ አንድ ጡረተኛ በገበያ አዳራሽ ውስጥ የሴቶችን ቀሚስ ከሥር በድብቅ ሲቀርጽ በጥበቃዎች ተያዘ። ፖሊስ ኮምፒውተሩን ሲከፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችና ቪዲዮዎች አገኘ። ሰውየው ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሚስቱን ምግብና መጠጥ በእንቅልፍ መድኃኒት እየበከለ፣ በአብዛኛው ማዛን በሚባለው መንደር ባለው ቤታቸው በኢንተርኔት ያገኛቸውን ወንዶች እያስገባ ሲያስደፍራት ኖሯል። ሚስቱ ዢዜል ፔሊኮ የደረሰባትን አታውቅም ነበር። ነገር እየረሳች ስትቸገር የመርሳት በሽታ ይዞኝ ይሆናል ብላ ሐኪም ቤት ትመላለስ ነበር።

ችሎቱ በመስከረም 2024 በአቪኞን ሲከፈት ስሟን ደብቃ በዝግ ችሎት መከራከር ትችል ነበር። አይሆንም አለች፤ ሁሉም በአደባባይ ይታይ ብላ ጸናች። ተከሳሾቹ 51 ነበሩ። መድኃኒቱን የሰጠው ባሏ ሁሉንም አመነ። ከሌሎቹ ግን ብዙዎቹ መድፈራቸውን ካዱ። የተኛች የመሰለችው ባልና ሚስት ለጨዋታ ተስማምተው መስሎን ነው አሉ፤ ባሏ ከፈቀደ ይበቃል መስሎኝ ነበር ያለም አልጠፋ። መድኃኒቱን የሰጠ ሌላ፣ በተኛችበት ያገኟት ሌሎች። ፍርድ ቤቱ ግን በመካከላቸው ድንበር አላሰመረም። ታኅሣሥ 19 ቀን 2024 ሁሉም ጥፋተኞች ተባሉ፤ ባልየው 20 ዓመት፣ ሌሎቹ ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው።

ይግባኝ ካሉት ውስጥ እስከ መጨረሻው የገፋበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ነው። በጥቅምት 2025 በኒም ከተማ፣ ጁሪ በተቀመጠበት ችሎት፣ ባሏ አታለለኝ እንጂ እኔ አልደፈርሁም አለ። ፈራጆቹ ቪዲዮዎቹን ተመልክተው ቅጣቱን ወደ አሥር ዓመት ከፍ አደረጉት። በቀጣዩ ወር የፈረንሳይ ሕግ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ መድፈርን በኃይል፣ በማስገደድ፣ በዛቻና በማታለል ብቻ ይገልጽ የነበረው አንቀጽ ያልተስማሙበት ድርጊት የሚለውን አስገባ፤ ፈቃድም ከዝምታ ወይም ካለመታገል ብቻ አይገመትም ብሎ ጻፈ።